ሮቤ ላይ የሚፈላ ውሃ እና የለሊሴ ጫማ

«አንዱን ጫማ ቀቅለሽ ጨርሰሻል። ሁለተኛውን አልሰጥሽም።»

«አልቀቀልኩትም አሰልጣኝ። በእንፋሎት ነው ያሞቅኩት።»

«ድንችም በእንፋሎት ይበስላል።»

አሰልጣኝ ግርማ ካርቶኑን ብብታቸው ሥር አጥብቀው ይዘዋል። ያለነው ሮቤ፣ የብስክሌት ክለቡ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ከውጭ በስጦታ ከመጡልን የብስክሌት ጫማዎች የመጨረሻው ጥንድ ነው። ለሊሴ ከተደረደሩት ጎማዎች ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሯን በካልሲ ብቻ አድርጋ፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

«ልኳ የሆነች ልጅ ትውሰደው» አሉ። «ማጣሪያው ደርሷል። በሸራ ጫማ የምትጋልብ ልጅ ማጣሪያ ላይ አላሰልፍም።»

«ጫማው ልኳ ነው። ርዝመቱም ልክ ነው። የሚቆነጥጣት ጎኑ ላይ ብቻ ነው።»

«ታዲያ የእግሯን ጎን ትቁረጠው?»

«ላኪ» አለች ለሊሴ፤ በኦሮምኛ አይሆንም ማለቷ ነው። «እሱስ ይቅርብኝ።» አልሳቀችም።

ክርክሩ የት እንደደረሰ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔ ማን እንደሆንኩና ጫማ ማሞቅ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ልናገር።

ስሜ ሂሩት ነው። አሁን የምሠራው ሮቤ ውስጥ ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እናትማለን። «የድሮ ሥራዬ» ባልኩ ቁጥር አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጡረታ ወጣሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ዕድሜዬ ለጡረታ ገና ነው። ከጫማ ግን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ የሥራ ዘመኑን ይተርካል፤ መብቴ ነው።

የጀመርኩት ጎባ፣ ጋሽ ከድር የሚባሉ ጫማ ሰፊ ዘንድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። እናቴ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ልታስቀጥረኝ ትለምናለች፤ እኔ ግጥም እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሮቤ ሲሰለቸኝ ሚኒባስ ይዤ ጎባ እወጣለሁ፤ ጎባ ሲበርደኝ ሮቤ እመለሳለሁ። ጋሽ ከድር ቤት የገባሁት ዝናብ ይዞኝ ነው። ጫማ ውስጥ የሚጠቀጠቁትን አሮጌ ጋዜጦች እያወጣሁ፣ እየዘረጋሁ ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸው መርፌያቸውን ሳያቆሙ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንብበሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ጠቅጥቂው። ጫማው ቅርጹን እንዳያጣ።»

የተቀጠርኩት እንዲህ ነው።

ጋሽ ከድር ደንበኛ መጥቶ «እዚህ ጋ ያመኛል» ሲላቸው በትዕግሥት ያዳምጡታል፤ ግን አያምኑትም። መጀመሪያ አሮጌ ጫማውን ይቀበላሉ። የውስጥ ገበሩን አውጥተው ላብና ክብደት ያጠቆረውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ሰውየውን ደጅ አውጥተው ያስኬዱታል። ሲሄድ ተረከዙን፣ ሲመለስ ጉልበቱን ያያሉ። የእግር ልክ ጠዋት አይወስዱም። «ጠዋት እግር ይዋሻል» ይላሉ፤ «ከዐስር ሶላት በኋላ ና፣ ውሎ የደከመውን እግርህን አሳየኝ።» ደንበኛው ወረዳ አስተዳዳሪ ቢሆንም ሄዶ ይመለሳል።

አንድ እጅግ የምወደው ዘዴ ነበራቸው። ፎርማ የምንለው ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር አለ። የደንበኛው አጥንት በሚወጣበት ቦታ፣ ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ይለጥፋሉ። አንዳንዴ ቁራጩ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ጫማው በዚያ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ለዚያ አጥንት ብቻ የሚሆን ክፍት ቦታ ይተርፋል። ሰውየው ጫማውን አጥልቆ ሲነሳ ፊቱ የሚሆነውን ለማየት ስል ብቻ ብዙ ቀን ከዚያ ቤት ሳልወጣ ውያለሁ።

ደረቅ ቆዳ ሲያለሰልሱ ትልቅ ብረት ድስት ውሃ አፍልተው፣ ከውሃው በላይ ሽቦ ዘርግተው፣ ጫማውን እንፋሎቱ ላይ ያስቀምጡታል። ሰዓት አይመለከቱም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዱዓው ሲያልቅ ጫማው ይወጣል። «እኔስ ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ግጥም ትጽፊ የለም? የራስሽን በያ።»

ስለዚህ ለእንፋሎት የሚሆን ግጥም ጻፍኩ። እንዲህ ይጀምራል፦

ነፋስ ከጋሰራ ስንዴውን ሲያጎብጥ፣
ኮምባይነሩ ቆሞ ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ…

ቤት እንደማይመታ አውቃለሁ፤ ያኔ አላወቅኩም ነበር። ጋሽ ከድር እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሹፌሩ ሻዩን ቶሎ ይጨርስ፤ ቆዳዬ ረጠበ» አሉኝ። ከታች ብዙ ስንኝ ቆረጥኩ። ግጥሙ ልክ ጫማው በሚለሰልስበት ጊዜ የሚያልቅ ሆነ። ማተሚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ እንኳ እንደሳቸው ያለ አርታኢ አላጋጠመኝም።

ከዚያ ሮቤ ላይ የብስክሌት ክለቡ ለብስክሌቶቹ ጠጋኝ፣ ለዕቃ ቤቱም ጠባቂ ፈለገ። በአንድ ደመወዝ ሁለቱንም ሆንኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚፈረመው ወረቀት ብዙ ነበር፤ ከዚህ በላይ ላነሳው አልፈልግም። አለቃዬ አሰልጣኝ ግርማ ነበሩ። ጠዋት ከልጆቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ማንንም አያመሰግኑም፣ በሰው ላይ ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም። በመጀመሪያው ሳምንት ፈራኋቸው። በኋላ ግን፣ የማንም ልጅ ፍሬን ሳይፈትሹ ቁልቁለት እንደማይለቁ ሳይ ፍርሃቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

የስጦታ ጫማዎቹ የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። የብስክሌት ጫማ ሶሉ እንደ ጣውላ ነው፤ አይተጣጠፍም። ከሥሩ ክሊት የሚባል ቁራጭ ፕላስቲክ በብሎን ይታሰራል፤ ክሊቱ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይነክሳል። ከዚያ በኋላ እግርና ብስክሌት አንድ ናቸው። ሽቅብ ስትወጣ የምትጫነውም የምትስበውም ጉልበት ይሆንሃል። ክፋቱ፣ እንደ ቆዳ ጫማ በመለበስ ብዛት አይላላም። የመጀመሪያው ቀን የቆነጠጠህ ቦታ ሁልጊዜ ይቆነጥጥሃል።

ካርቶኖቹ ውስጥ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበር፤ ምድጃ፣ ጫማ፣ ሰዓት፣ እግር። ነገሩ ገባኝ። ጫማው በልኩ ከሞቀ ይለሰልሳል፤ እግር ላይ እንዳለ ሲቀዘቅዝ የእግሩን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። በቤታችሁ ምድጃ በትንሽ ሙቀት አሙቁት ይላል። ሮቤ ውስጥ እንደዚያ ያለ ምድጃ የማን ቤት አለ? ዳቦ ቤት ሄጄ ለመንኩ። ባለቤቱ «ሰው ዳቦዬን እግር እግር ይላል እንዲለኝ?» ብሎ አስወጣኝ። ደግ አደረገ፤ የዳቦ ምድጃ ጫማውን ያቀልጠው ነበር። የጋሽ ከድር ድስት ትዝ አለኝ።

ድስቱ በጣም የሚያስፈልጋት ለሊሴ ነበረች። ለሊሴ ከዲንሾ በኩል የመጣች ልጅ ናት። ዛሬ ስሟን ከባሌ ውጪም የሚያውቁ አሉ። ያኔ የሚያውቋት የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ፤ ሽቅብ ሲወጡ ከኋላቸው ስለማትጠፋ። ልጅ ሳለች ቀኝ እግሯ ላይ የጋሪ ጎማ ሄዶበታል። ከትንሿ ጣቷ ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጪ ወጥቶ ገጥሟል። የስጦታው ጫማ በዚያ አጥንት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያቃጥላታል፣ ቀጥሎ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ በመጨረሻ እግሯ እንዳለ የምታውቀው በዓይኗ እያየችው ነው።

የመጀመሪያውን ጥንድ ቀኙን እንዲህ አደረግኩት። ክሊቱን ፈታሁ፣ ገበሩን አወጣሁ፣ እንፋሎቱ እንዳያረጥበው ጫማውን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩ። የፈላው ውሃ ላይ፣ ሽቦው ላይ አስቀምጬ ድስቱን ከደንኩ። ግጥሜን አልኩ። እስከዚያ ለሊሴ የወጣው አጥንቷ ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጥፌላት፣ በላዩ ስስ ካልሲ አጥልቃ ትጠብቃለች። ጫማው ሲወጣ ውስጡን በእጄ ጀርባ ነካሁ፤ የሚያስደነግጥ ግን የሚቻል ሙቀት ነው። ገበሩን መለስኩ። አጠለቀች። ማሰሪያውን አጠበቅኩ፤ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የምንለውን፣ ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት ጠመጠምኩበት፤ ሁለቱን ጎኖች በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጫማው እስኪቀዘቅዝ መነሳት የለም፣ ጣት ማንቀሳቀስ የለም። አፍ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ለሊሴም በአፏ ስትሰድበኝ ቆየች።

ሲፈታ ተነሳች። ተቀመጠች። እንደገና ተነሳች። «አጥንቴ የት ሄደ?» አለች።

አሰልጣኝ ግርማ ሰምተው «እንግዲህ ምግብ ቤት ክፈቺ» አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ቀጥሎ ደሎ መና መጣ። ቆላ ነው፤ አንድ ውድድር እዚያ ነበር። ከጎባ ተነስተን ከፍተኛውን የሳነቴ አምባ አቋርጠን በሃረና ጫካ ቁልቁል ወረድን። ጎባ ላይ በጃኬት የተነሳን ሰዎች መና ስንገባ ሸሚዛችን ከበደን። በማግስቱ ጠዋት ለሊሴ «ቀኝ እግሬ አበጠ፤ ጫማው ተመልሶ ያዘኝ» አለች። ሙቀቱ ነው። ድስቴን ይዤ ነበር። ያደርንበት ቤት ጓሮ ከሰል አያያዝኩ፣ ውሃው ፈላ፣ ቀኙን ጫማ አስገባሁ። ግጥሜን በሮቤው ፍጥነት፣ አንድ ቃል ሳልጨምር አልኩ።

ጫማው ከወትሮው የበለጠ ለስልሶ ወጣ። ሥራዬ እየተሻሻለ መሰለኝ። የማስቲሽ ሽታ ነበረ፤ የከሰሉ ነው ብዬ አለፍኩት። ለሊሴ አጠለቀች፣ ቀዘቀዘ፣ ተመቻት። ወደ መነሻው መስመር ሄደች።

በመጀመሪያው ዙር ከፊተኞቹ ጋር አለፈች። በሁለተኛው ዙር መሪዎቹ ሲመጡ የለችም። ተከታዮቹ መጡ፤ የለችም። ብዙ ቆይቶ በመንገዱ ጥግ ብስክሌቷን እየገፋች ብቅ አለች። ለመነሳት ፔዳሉን ስትስብ ክሊቱ ሶሉን ይዞ ቀርቷል፤ እግሯ ደግሞ ከሶሉ ተላቆ ወጥቷል፤ በጎኗ ወድቃለች። ክርኗ ተልጧል። የጫማው ሶል ፔዳሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ይወዛወዛል።

ወደ እሷ ሮጥኩ።

«ጫማሽ ደከመው፤ እኔ አልደከመኝም ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አላናገረችኝም።

አሰልጣኝ ግርማ አንድም ቀልድ አልቀለዱም። ያ ነው የከበደኝ።

መኪናው እስኪነሳ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። የቤቱ ባለቤት አዴ ዘይነባ የሚሏቸው ትልቅ ሴት ናቸው። የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ አልነካሁትም።

«ለምን አትበይም? አልበሰለም?»

«በስሏል እማማ። እንዲያውም ፈርሷል።»

«ይፈርሳላ። እዚህ ባቄላ ጥዶ ጎረቤት ሄዶ ማውራት የለም። የምቸገረው ጎባ እህቴ ቤት ያረፍኩ ጊዜ ነው። ጠዋት የጣድኩት ለምሳ አይደርስልኝም። እናንተ አገር ውሃው ይንተከተካል እንጂ አያበስልም።»

የሻይ ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ሮቤ ተወልጄ ባቄላ እንቢ ሲል እያየሁ ነው ያደግኩት። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ ገና ብዙ ሳይግል እንደሚፈላ ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ባቄላን ግን ከጫማ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። የሮቤና የጎባ ፍል ውሃ ሳናውቀው ልክ ለጫማው የሚበቃ ሙቀት ይዞልን ነበር። ከዚያ በላይ መጋል ስለማይችል ብንረሳው እንኳ አያጠፋብንም። መና ላይ ያው ፍል ውሃ ሌላ ውሃ ነው።

ጎባ ስደርስ ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። የተላቀቀውን ሶል ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ግጥሙ ላይ ጨምረሽበታል?»

«አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«ቀስ ብለሽ ብለሽው ይሆናል። ሰው ፊት ሲሆን ትጎትቺዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ውሃው ነው።»

ስለ ባቄላው ስነግራቸው ወዲያው አልተቀበሉኝም። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጎባ በታች ጫማ አሙቀው አያውቁም። «እንግዲህ ማየት ነው» አሉ። «አብሽሪ። ጫማ ስለወደቀ ሰው አይወድቅም።»

ከተበላሸው ጥንድ ግራው ጭራሽ ያልሞቀና ደህና ነበር። ሶሉ ከላዩ ጋር እንደተጣበቀ ቆራረጥኩት። ጋሽ ከድር ቢላዋው ሲገባበት ፊታቸውን አዞሩ፤ ደህና ጫማ ሲቆረጥ ማየት አይችሉም። ግማሹን ቁራጭ ሮቤ ላይ በእንፋሎት አሞቅኩ። ግማሹን ይዤ፣ ድስቴን አቅፌ፣ በአውቶቡስ ተመልሼ ሳነቴን ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ድስቱን አይቶ «ምን ልትሠሪበት ነው?» አለኝ። «ጫማ» አልኩት። እስከ መና ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ።

አዴ ዘይነባ ጓሯቸውን ሰጡኝ። ያንኑ ያህል ውሃ፣ ያንኑ ግጥም። የመናዎቹ ቁራጮች ገና ትኩስ እንዳሉ በጣቴ ስስባቸው ለሁለት ተከፈሉ። የሮቤዎቹን ከድስቱ እንዳወጣኋቸው በፒንሳ ስቤያቸው እምቢ ብለውኝ ነበር።

እነዚያን ቁራጮች ነው ያን ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ለሊሴ «እሱስ ይቅርብኝ» ካለች በኋላ፣ ከኪሴ አውጥቼ አሰልጣኝ ግርማ እጅ ላይ ያስቀመጥኩት። ካርቶኑን ብብታቸው ሥር እንደያዙ አንዱን ሳቡ። ሌላውን ሳቡ። ጥርሳቸውን ነክሰው ደገሙት።

«ይሄ የቱ ነው?»

«የሮቤው።»

«ይሄኛው የመናው?»

«አዎ።»

«እና ውሃ ነው የምትዪኝ? ውሃ እኮ ውሃ ነው።»

«ባለቤትዎን ይጠይቋቸው። ባቄላ ሲቀቅሉ ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚጨምሩ ይንገሩዎት።»

ለሊሴ ከጎማዎቹ ላይ ወረደች። «አሰልጣኝ፣ በዚህ አያያዙ ጫማው አይሆነኝም፤ ሞቆ ከተበላሸም አይሆነኝም። ለኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከሞቀ ግን ምናልባት አለ።»

እሳቸው ካርቶኑን አላስረከቡኝም። «ነገ ጠዋት ቤትሽ እመጣለሁ» አሉኝ። «ዓይኔ እያየ ነው የምታደርጊው። ሲያልቅ እኔና እሷ እስከ ጎባ እንሄዳለን፤ እሷ በብስክሌት፣ እኔ በሞተር። ጎባ ከደረሰች ማጣሪያው ላይ አለች። ከተላቀቀ የለችም። አንቺን ደግሞ ሰኞ ቢሮ ጠርቼ አነጋግርሻለሁ።»

«ሰኞ አያገኙኝም» አልኩ። ማተሚያ ቤቱ ከሰኞ ጀምሮ ይጠብቀኝ ነበር። ፊደል ለቀማና ግጥም ይቀራረባሉ ብዬ ራሴን አሳምኜ፣ ለማንም ሳልናገር ነበር የተስማማሁት። ለሊሴ ቀና ብላ አየችኝ። አሰልጣኝ ግርማ «እህ» ብቻ አሉ።

ስለዚህ ያ ጥንድ የመጨረሻ ሥራዬ ነበር። ይህን ያነሳሁት በማግስቱ ጠዋት የሆነው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

ማታውኑ ደውዬላቸው ጋሽ ከድር በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጎባ ወረዱ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። ኩሽናችን ጠባብ ነው፤ አሰልጣኝ ግርማ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ፣ ጋሽ ከድር ግድግዳው ሥር፣ ለሊሴ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ቡታጋዙ ጋ ቆምኩ። ውሃው ፈላ። ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ» አሉ። ቀኙን ጫማ ሽቦው ላይ አስቀምጬ ከደንኩ፤ ግጥሜን ጀመርኩ።

«ምንድነው የምታነበንቢው?» አሉ አሰልጣኝ ግርማ።

«ሰዓት ነው» አልኩና ቀጠልኩ።

«ዝም በል ግርማ» አሉ ጋሽ ከድር። «ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው።»

አሰልጣኝ ግርማ ምንም አልገባቸውም፤ ግን ዝም አሉ። አንድ ሰው ዝም በል ሲላቸው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ግጥሙ አለቀ። ጫማውን አውጥቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ማስቲሽ አይሸትም። በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ለስልሷል። ለሊሴ አጠለቀች፣ አሰርኩ፣ ከመነዳሪውን ጠመጠምኩ፣ ጎኑን በሁለት መዳፌ ያዝኩ። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ትንሿ ጣቷ አካባቢ ጡንቻዋ ሲንቀጠቀጥ በጫማው በኩል ይሰማኛል። ላላላት ብዬ አንዱን ጣቴን ወደዚያ ወሰድኩ።

«አትንኪው» አሉ ጋሽ ከድር። «አሁን ከነካሽው ያንቺን ጣት ነው የሚይዘው።»

መለስኩት። ውጪ ጋሪ አለፈ፤ የፈረሱ ኮቴ ሲርቅ ሰማነው። ጫማው ከመዳፌ ሥር ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ጎኑ፣ በመጨረሻ ተረከዙ።

ፈታሁት። የተለጠፈውን ቁራጭ ቆዳ አነሳሁላት፣ ጫማውን መልሳ አጠለቀችና ቆመች። ክብደቷን ወደ ፊት ጣለች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን። አሰልጣኝ ግርማ ከዱካው ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች ለሊሴ። ከዚያ ጣቶቿን ውስጥ አንቀሳቀሰች። «አንድ ቦታ ብቻ አለች። ከአጥንቱ ትንሽ ወደ ፊት። እንደ ጠጠር።»

ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ ፈለግኳት። አገኘኋት። የለጠፍኩት ቁራጭ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በስንዴ ፍሬ ስፋት።

«አውልቂው» አልኩ። «አንዴ ልድገመው። ቁራጩን ወደ ፊት እስበዋለሁ፤ ልክ ይሆናል።»

«መና ላይም የደገምሽው ነው የወደቀው» አሉ አሰልጣኝ ግርማ።

«ይሄ ሮቤ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ አይግልም፤ ቁራጮቹን እኮ በእጅዎ ስበው አይተዋል።»

«ሁለቴ የሞቀ ቁራጭ ሰጥተሽኛል?»

አልሰጠኋቸውም። ሁለቴ አሙቄ አልፈተንኩም። ወደ ጋሽ ከድር ዞርኩ። እሳቸው ያነሳሁትን ቁራጭ ቆዳ በእጃቸው ይዘው እያዩት ነበር።

«ጋሼ፣ ልድገመው?»

«ብትደግሚው ያምር ይሆናል» አሉ ረጋ ብለው። «ለማን ነው ግን እንዲያምር የፈለግሽው?»

ፊቴ ጋለ። ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት ጫማ እንከን የሌለው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሰኞ ወደ ሌላ ሥራ ስገባ ከኋላዬ የምተወው ያ እንዲሆን። ያቺ የስንዴ ፍሬ የምታህል ስህተት ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ጫማ ውስጥ የምትቀር መሰለኝ። ድስቱ ገና ይፍለቀለቃል። እጄን ወደ ጫማዋ ዘረጋሁ።

ለሊሴ እግሯን ሰበሰበች።

«በቃ ሂሩትዬ።»

«አንዲት ደቂቃ ብቻ…»

«ላኪ። ጋሪው ከሄደበት ጀምሮ እግሬን አውቀዋለሁ። በፊት ሙሉ እግሬን ነበር የሚያመኝ፤ አሁን አንድ ጠጠር ነው። አንድ ጠጠር ይዤ እጋልባለሁ። ጫማ ሳልይዝ ግን አልጋልብም።» እግሯን መልሳ ዘረጋች፤ ሶሉን ወደ እኔ አዞረች። «ክሊቱን እሰሪልኝ።»

ብሎኖቹን ከኪሴ አወጣሁ። ክሊቱን ከበፊቱ ቦታው በጣም ጥቂት ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ ስትጫን ክብደቷ ከጠጠሯ ሸሽቶ ወደ አውራ ጣቷ እንዲያርፍ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሶሉን በእጄ ይዤ የእግሯን አረማመድ ሳስብ የመጣልኝ ነው። አጠበቅኩት። ግራውንም አሰርኩላት።

ጋሽ ከድር አንገታቸውን ዘርግተው አዩና «ማሻአላህ» አሉ።

አሰልጣኝ ግርማ የሞተሩን ቁልፍ ከኪሳቸው ፈለጉ። «እስከ ጎባ ሽቅብ ነው» አሉ። «ጎባ መግቢያ ላይ የሚጠብቅሽ ሽቅብ…»

«አውቀዋለሁ አሰልጣኝ።»

«የጎን ነፋስም አለ።»

«እሱንም አውቀዋለሁ።»

ቡታጋዙን አጠፋሁ። የውሃው ድምፅ ሲቆም ኩሽናው ባዶ የሆነ ያህል ጸጥ አለ። ለሊሴ ጃኬቷን ከወንበሩ ጀርባ አነሳች፣ የጫማዋን ማሰሪያ አንድ ጥርስ ጠበቅ አደረገች። አሰልጣኝ ግርማ ገና ቁልፋቸውን እየፈለጉ ነው። እሷ አልጠበቀቻቸውም። ክሊቶቹ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ በመካከላችን አልፋ ወጣች፤ የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።